«ተባርኬአለሁ» የማይባልበት ጠረጴዛ፦ የእናት ቨርሊን ሃርዳዌይ የሕይወት ታሪክ

እናት ቨርሊን ሃርዳዌይ ከአባታቸው ከአቶ ሳይላስ ፔቲግሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉቪንያ ኬትስ፣ በሚሲሲፒ ግዛት በአንድ የጥጥ እርሻ ላይ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1938 ተወለዱ። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው በብረት ፋብሪካ ሥራ በማግኘታቸው ቤተሰቡ በባቡር ወደ ኦሃዮ፣ ወደ ያንግስታውን ከተማ መጣ። በዚህችው በጌልገላ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ተጠመቁ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውንም በ1956 በማዕረግ አጠናቀቁ።

በጁን 1960 የብረት ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ክሊዮፈስ ሃርዳዌይ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው፣ በ1963 ጆሴታን፣ በ1968 ሩበንን ወለዱ። በ1972 በከተማችን የአውቶቡስ መሪ ከጨበጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆኑ። ሠላሳ ዓመት ነዱ፤ አንድም ተሳፋሪ በእጃቸው አልተጎዳም።

ሩበን በሁለት ዓመቱ አልቆመም፤ በአራት ዓመቱም «እማ» ከማለት አላለፈም። ሐኪሙ ዕድገቱ እጅግ የዘገየ መሆኑን ነግረው፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ለሚቀመጡበት ተቋም ሰጥተው እንዲረሱት መከሯቸው። እናት ቨርሊን ኮታቸውን ለብሰው፣ ልጃቸውን አቅፈው፣ «የምረሳው እርስዎን ነው» ብለው ወጡ። ይህን ቃል ብዙዎቻችን በኩራት ስናወሳው ኖረናል። ከዚያ ቃል በኋላ ስለመጡት ዓመታት ግን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

በኦክቶበር 1974 ባዶ አውቶቡሳቸውን ድልድይ ላይ አቁመው፣ እጃቸው መሪውን እንደጨበጠ አርባ ደቂቃ መንቀሳቀስ አቃታቸው። መኖር ጠልተው ነበር። በተከተለው እሑድ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች እናት የነበሩት ኦፊሊያ ግሪር በር ላይ «ቨርሊን፣ እንዴት ነሽ?» ቢሏቸው፣ ሁላችን እንደምንመልሰው «ተባርኬአለሁ፤ ከሚገባኝም በላይ» አሏቸው። እናት ኦፊሊያም እጃቸውን ሳይለቁ፣ «እኔ ስለ ጌታ አልጠየቅሁሽም፤ እሱ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ። የጠየቅሁት አንቺን ነው» አሏቸው። እናት ቨርሊን ኮት መስቀያው ክፍል ገብተው አምልኮው እስኪያበቃ አለቀሱ። በማግሥቱ እናት ኦፊሊያ ራሳቸው የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው።

ታላቅ ወንድማቸው ዲያቆን አልቪን ፔቲግሩ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ለጌታ መንገር ሲገባሽ ለሐኪም?» ቢሏቸው፣ «ባለፈው ጥርስህን ሲያምህ የት ሄድክ?» ብለው መለሱላቸው።

እናት ቨርሊን ከታከሙና ከበረቱ በኋላ ያገኙትን ለብቻቸው አላስቀሩትም። በሾፌር መስታወታቸው ከኋላ የተቀመጡትን እናቶች ያዩ ነበር፤ ልጇ ሲጮህ አንገቷን የምትደፋውን፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያፈጥጥባት መስኮቱን ብቻ የምታየውን ያውቋታል። ስትወርድ «ልጄ፣ ሐሙስ ምን አለሽ?» ይሏታል። በ1976 የሐሙስ ጠረጴዛ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ በአራት እናቶች እንዲህ ተጀመረ። ግድግዳው ላይ በካርቶን የተጻፈ አንድ ሕግ ሰቀሉ፦ «እዚህ ‹ተባርኬአለሁ› አይባልም።» ከላይ ባለው ክፍል ንጹሕ አልጋ አነጠፉ፤ ሌሎቹ ልጆቹን እየጠበቁ በየተራ አንዷ ሁለት ሰዓት ትተኛበታለች። አባቶች ሲመጡ ዓሣ እንዲጠብሱ አደረጓቸው። «ወንድ ሰው ዓይን እያየ አይናገርም፤ ዘይት እያየ ግን ሁሉን ይናገራል» ይሉ ነበር። አቶ ክሊዮፈስ ስለ ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወሩት በዚያ መጥበሻ ፊት ነው።

ካርቶኑ ግን ዲያቆናቱን አስቆጣ። ዲያቆን አልቪን ሁለት ጊዜ አወረዱት፤ እናት ቨርሊን ሁለት ጊዜ መልሰው ሰቀሉት። በጉባኤ ተጠርተው ሲጠየቁ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ልጅ አጥታ በቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ነፍሷን በአምላኳ ፊት ያፈሰሰችውን፣ ለካህኑም ሰካራም የመሰለችውን ያቺን ሴት አነሱ። «‹ደህና ነኝ› ብላ ብትመለስ ኖሮ ማን ይመርቃት ነበር?» አሉ። ካርቶኑ ከዚያ ወዲህ አልወረደም።

በ1989 የዲያቆን አልቪን የልጅ ልጅ ዕድገቷ የዘገየ መሆኑ ታወቀ። አንድ ሐሙስ ዲያቆኑ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ደረጃውን ወረዱ። እናት ቨርሊን ወንበር ስበው «አልቪን፣ እንዴት ነህ?» ቢሏቸው፣ ከልማድ «ተባር...» ብለው ቆሙ። በጠረጴዛው ዙሪያ ካርቶኑን የመጠቆም ሥራ የሩበን ነበር፤ ጣቱን ዘረጋ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዲያቆኑም አብረው ስቀው ሳይጨርሱ አለቀሱ፤ እስኪያርፉ ድረስም ከሐሙስ አልቀሩም።

አቶ ክሊዮፈስ በ1991 ዐረፉ። ጠረጴዛው ግን በአርባ ሰባት ዓመት ውስጥ ከሦስት መቶ የሚበልጡ ወላጆችን አስተናገደ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ «በሕይወት ያቆየችኝ እሷ ናት» የሚሉ ብዙዎች ተቀምጠዋል።

እናት ቨርሊን በ2022 መገባደጃ በልብ ድካም ሆስፒታል ገቡ። ሊጠይቃቸው ለመጣ ሁሉ፣ ለሐኪሞቹም፣ ለጆሴታም «ተባርኬአለሁ» ይሉ ጀመር። ሕጉን ያወጡት እሳቸው፣ ሕጉን አፈረሱ። አንድ ቀን ከአልጋው አጠገብ የተቀመጠው ሩበን ይህን ሲሰማ፣ ምንም ወዳልተሰቀለበት ነጭ ግድግዳ ጣቱን ዘረጋ። እናት ቨርሊን እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያም የጆሴታን እጅ ይዘው፣ «እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈርቻለሁ። እኔ ስሄድ ሩበንን ‹እንዴት ነህ› ብሎ መልሱን ቆሞ የሚጠብቀው ማን ነው?» አሉ።

በዚያው ሳምንት የሐሙስ ጠረጴዛ ሰዎች በሆስፒታሉ ክፍል ተሰበሰቡ። ሩበን በጆሴታ ቤት እንዲኖር፣ የጠረጴዛው ቤተሰቦችም በየቀኑ ተራ ገብተው አብረውት እንዲውሉ ተስማሙ። እናት ቨርሊን ይህ ሲፈጸም አምስት ሳምንት በዓይናቸው አዩ። ማርች 9 ቀን 2023፣ በዕለተ ሐሙስ፣ በሰማንያ አራት ዓመታቸው በሰላም ዐረፉ።

ልጆቻቸው ወይዘሮ ጆሴታና አቶ ሩበን፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ የሐሙስ ጠረጴዛ ቤተሰቦችና መላው ጉባኤ በሐዘን ይሰናበቷቸዋል። ቤተሰቡ ዛሬ በር ላይ «እንዴት ናችሁ?» ሲላችሁ እውነቱን እንድትነግሩት ይለምናል።

የወላጆችን ዕንባ የሚያውቅ አምላክ የእናታችንን ነፍስ ድካም በሌለበት ያሳርፍ። እሱም «ቨርሊን፣ እንዴት ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ያቺን የከለከሏትን ቃል ያለ ስጋት ይናገሯት፤ ሩበንም ጣቱን አያነሣባቸውም። አሜን።