እርስዎ የቀነሱት፣ እኔ የከፈልኩት አርባ በመቶ

ለተከበሩ የትልቁ ልብስ መደብር ሥራ አስኪያጅ፤
ከአሳንሰሩ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ቢሮዎ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ትከሻዎ እንዴት ሰነበተ? ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን በመደብርዎ ፊት ለፊት ባሰቀሉት ቀይ ጨርቅ ላይ «ለወላጆች ስንል ኪሳራውን ተሸከምን» የሚል ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ፣ ያን የሚያህል ሸክም የተሸከመ ሰው ወገቡንም ሳያመው አይቀርም እያልኩ ስጨነቅ ከርሜአለሁ። ደግነቱ ባለፈው ሰሞን በፊርማዎና በማኅተምዎ አስጊጠው የላኩልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ ቢያንስ እጅዎ ጤነኛ መሆኑን ተረድቼ ተመስገን ብያለሁ። ማስጠንቀቂያው ለእኔ ብቻ የተጻፈ ሆኖ ሳለ መልሱን በአደባባይ ማውጣቴ ቅር እንዳያሰኝዎ፤ ቅናሹን ያወጁት በአደባባይ ስለሆነ፣ የቅናሹም ሒሳብ እዚያው አደባባይ ላይ ቢሠራ ይሻላል ብዬ ነው።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። በሁለተኛው ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ የሚሰቀሉትን ገበር ያላቸው የልጆች ካፖርቶች የምሰፋው ሴት ነኝ። የምሠራው በቤቴ የፊት ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ አሉኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የሥራም የኑሮም ባልደረባዬ ታላቅ እህቱ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፤ እሷ ገበሩን ታያይዛለች፣ የቁልፉን ቀዳዳ በእጇ ትጠልፋለች። ከእርስዎ መደብር ጋር ውል ስንፈራረም ሁለታችንም አዲስ ጫማ ገዝተን ነበር የመጣነው።

በውላችን መሠረት አንዱን ካፖርት በአራት መቶ ብር እናስረክብዎታለን። ጨርቁ፣ ገበሩ፣ ቁልፉ፣ ክሩና የመብራቱ ወጪ ተደምሮ ሦስት መቶ አሥር ይፈጃል፤ የቀረችው ዘጠና ብር የሁለታችን የድካም ዋጋ ናት። እርስዎ ደግሞ በገዙበት ላይ መቶ በመቶ ጨምረው በስምንት መቶ ይሸጡታል። በዚህ አንድም ቀን ቅሬታ አቅርቤ አላውቅም። የሕንፃው ኪራይ፣ የሻጮቹ ደመወዝና ያ ሰው ሲቀርበው ራሱ የሚከፈተው የመስታወት በር ከሆነ ቦታ መከፈል እንዳለበት ይገባኛል። ቅሬታዬ የሚጀምረው እርስዎ ደግ ለመሆን ከወሰኑበት ቀን ነው፤ ስለዚህም በትሕትና በየተራ አቀርበዋለሁ።

፩ኛ. ከቅናሹ በፊት በነበረው ሳምንት ካፖርት ላስረክብ ስመጣ፣ ሠራተኞችዎ ስምንት መቶ የሚለውን የዋጋ ወረቀት እየነቀሉ አንድ ሺህ የሚል ሲለጥፉ አየሁ። ሞኝነቴን ይቅር ይበሉኝና ደስ አለኝ። የመሸጫው ዋጋ ከፍ ካለ የእኛም ዋጋ ጥቂት ከፍ ማለቱ አይቀርም ብዬ ወደ ቤት በረርኩ። ለእትዬም ነገርኳት፤ እሷም የዓይን ሐኪሙ ያዘዘላትንና ቀን ይውጣልን እያለች ያቆየችውን መነጽር አሁን አሠራዋለሁ አለች። በሳምንቱ ቀዩ ጨርቅ ተሰቀለ፤ አርባ በመቶ ቅናሽ። ከሺህ ላይ አርባ በመቶ አራት መቶ ነውና ካፖርቱ ስድስት መቶ ገባ። ገዢው ግን እስከዚያው ሳምንት ድረስ በስምንት መቶ ይገዛው ስለነበር፣ በእውነት የቀረለት ሁለት መቶ ብር፣ ማለትም ሃያ አምስት በመቶ ብቻ ነው። ቀሪው ሁለት መቶ ሊቀነስ ሲባል የተጨመረ ነው። ሰውን ከጉድጓድ ለማውጣት መጀመሪያ ጉድጓዱን መቆፈር ግድ መሆኑን ከእርስዎ በመማሬ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ. ወሩ አልቆ ክፍያዬን ልቀበል ስመጣ፣ በአንድ ካፖርት አራት መቶ የነበረው ሁለት መቶ ሆኖ ጠበቀኝ። የግዢ ክፍል ኃላፊዋ ጨዋ ሴት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ምንም ሳትደብቅ አስረዳችኝ። በውሉ ውስጥ «የማስተዋወቂያ ቅናሽ በሚደረግበት ጊዜ አቅራቢው የቅናሹን ግማሽ ይጋራል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ቅናሹ አራት መቶ ስለሆነ ግማሹ ሁለት መቶ የእኔ ድርሻ ነው። እውነት ነው፣ ፈርሜበታለሁ። የተቀነሰው እኮ ከስምንት መቶው ላይ ሁለት መቶ ነው፣ እሱን ከተጋራን እንኳ የእኔ መቶ ነው ብላት፣ ቅናሽ የሚታሰበው ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ነው አለችኝ። ያ አዲስ ወረቀት ለምን እንደተለጠፈ የገባኝ ያኔ ነው። ለካስ የተለጠፈው ለገዢው ዓይን ብቻ ሳይሆን ለእኔም ኪስ ኖሯል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሒሳብ አይችሉም ብለው የሚያሙዎት ካሉ እኔ መስካሪ ነኝ። በደህናው ጊዜ በአራት መቶ ገዝተው በስምንት መቶ ይሸጡ ነበር፤ ትርፍዎ አራት መቶ ነው። በኪሳራው ጊዜ ደግሞ በሁለት መቶ ገዝተው በስድስት መቶ ሸጡ፤ ትርፍዎ ያው አራት መቶ ነው። እንዲያውም በገዙበት ዋጋ ከለካነው፣ በደህናው ጊዜ መቶ በመቶ የነበረው ጭማሪ በመሥዋዕትነቱ ጊዜ ሁለት መቶ በመቶ ሆኗል። ለወላጆች የቀረላቸው ሁለት መቶ ብር እኔ ያጣሁት ሁለት መቶ ብር ነው፤ ከእርስዎ እጅ አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። እኔ ግን ሦስት መቶ አሥር ያወጣሁበትን ካፖርት በሁለት መቶ አስረክቤ፣ እያንዳንዱን ልጅ መቶ አሥር ብር ጨምሬ አልብሻለሁ። እንዲህ ያለ ኪሳራ ለሁሉም ነጋዴ ይድረሰው።

በዚህ ጉዳይ ላነጋግርዎ በመጣሁ ጊዜ ስላደረጉልኝ መስተንግዶም ሳላመሰግን አላልፍም። ከአሳንሰሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ከጥዋት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጬ ስጠብቅዎ፣ ወደ ምሳ ሲወጡ በቁምዎ ሰሙኝ። እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «እናቴ፣ ንግድ እኮ ነው፤ ሁላችንም ነው የተጎዳነው» አሉኝ። ከዚያም ባዶ እጄን እንዳልመለስ ብለው ከኪስዎ አንድ ኩፖን አውጥተው ሰጡኝ፤ ከመደብሩ ስገዛ ተጨማሪ አሥር በመቶ የሚያስቀንስ። ቤቴ ገብቼ ሳሰላው፣ በዚያ ኩፖን እኔው የሰፋሁትን፣ እርስዎ በሁለት መቶ የወሰዱትን ካፖርት በአምስት መቶ አርባ መልሼ መግዛት እችላለሁ። ኩፖኑን አልተጠቀምኩበትም፤ እንዲህ ያለ ውለታ መክፈል የሚችል አቅም የለኝም።

፫ኛ. ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ማንበብ ለእርስዎ እንደማይከብድዎ አምናለሁ። እትዬ በመደብርዎ ውስጥ ካፖርቶቻችን ሲሸጡ አይታ አታውቅም ነበር። ክፍያው ምን እንደሆነ ከነገርኳት በኋላ፣ እስቲ የሚገዛውን ሰው ልየው ብላ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ አብረን ወጣን። መጀመሪያ ፊቷ በራ፤ እናቶች ይጋፋሉ፣ ልጆች መስታወት ፊት ይሽከረከራሉ። ከጎናችን አንዲት እናት ለልጇ ካፖርቱን አልብሳ፣ እትዬ የጠለፈቻቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እየቆለፈች፣ አብራት ለመጣችው ሴት «ሰውየው ይባረክ፤ ለእኛ ብሎ እኮ ነው የከሰረው» አለቻት። እትዬ ጎንበስ አለችና የልጁን ኮሌታ አስተካክላለት ወረደች።

 ቤት ከገባን በኋላ መርፌዎቿን አንድ በአንድ ከጨርቁ ላይ እየነቀለች ወደ ጣሳቸው መለሰችና «የሰጠሁት እኮ እኔ ነኝ» አለች። «ስሜ ስላልተጠራ አይደለም የከፋኝ። የሌለኝን ነው የሰጠሁት።»

በማግስቱ ሥራ ፍለጋ ወጣች። አሁን በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ ያ ቀጭን ክር የሚለይ ጣቷ በማጠቢያው መድኃኒት ተልጦ፣ ሻይ የያዘ ብርጭቆ እንኳ በጨርቅ ነው የምታነሳው። መነጽሩ አልተሠራም። እርግጥ ነው፣ አንሶላ ለማጠብ መነጽር አያስፈልግም፤ ይህንንም ወጪ ስላስቀሩላት ልናመሰግንዎ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ተራ ቁጥር ልሰጠው አልፈልግም፣ ቅሬታ ሳይሆን ያደረግሁት ነገር ነውና። ለሚቀጥለው ርክክብ ቆርጬ ያዘጋጀሁት ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ወደ እርስዎ ልውሰደው ካልኩ በእያንዳንዱ እከስራለሁ፤ ልተወው ካልኩ የጨርቁ ዕዳ አለብኝ። ጥቂት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ፤ ብቻዬንም ቢሆን ሰፍቼ ጨረስኩት። ጎረቤቴ ጸጉር አስተካካዩ ጉዴን ሰምቶ፣ ከጸጉር ቤቱ አንዱን ትልቅ መስታወት አወረደና ግድግዳውን ሰጠኝ። ካፖርቶቹን እዚያ ሰቀልኳቸው። ዋጋቸውንም ከእርስዎ በተማርኩት መንገድ አወጣሁ፤ እርስዎ ከሺህ ብር ላይ አርባ በመቶ ቀንሰው በስድስት መቶ ሲሸጡ፣ እኔ ከዚያው ከእርስዎ ሺህ ብር ላይ ሃምሳ በመቶ ቀንሼ በአምስት መቶ አልኩ። ለጠየቀኝም ሁሉ አልደበቅሁም፦ ሦስት መቶ አሥሩ ወጪ ነው፣ አርባው የጸጉር አስተካካዩ ነው፣ መቶ ሃምሳው የእኔ ነው።

መጀመሪያ ላይ የገዛኝ አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ካፖርቱን ገልብጣ ገልብጣ አይታ፣ ተሰርቆ መሆን አለበት ብላ ጥላው ሄደች፤ በትልቁ መደብር ያየችው ነገር ጸጉር ቤት ውስጥ መገኘቱ አላማራትም። ጸጉራቸውን ሊቆረጡ የመጡ አባቶች ግን ወንበር እስኪለቀቅ ገበሩን ይዳስሱ ጀመር። አንዱ ገዛ፣ ለወንድሙ ነገረው፤ ወንድሙ ሚስቱን ላከ። ቀስ በቀስ ግድግዳው ባዶ ሆነ፤ እንደገና ሰቀልኩበት። የጨርቁን ዕዳ ጨርሼ ከፍያለሁ። እትዬን ከማጠቢያው ክፍል ለማውጣት ግን ገና አልደረስኩም፤ በዕረፍት ቀኗ እየመጣች፣ በዚያ በተላጠ ጣቷ የቻለችውን ያህል ቀዳዳ ትጠልፋለች። ባትጠልፊስ ስላት ትቆጣኛለች።

የእርስዎ ማስጠንቀቂያ የደረሰኝ ይኼኔ ነው። ከመደብሩ ዋጋ በታች በመሸጥ ገበያውን እንዳበላሸሁ፣ ደንበኞችዎን እንዳደናገርኩ፣ በአስቸኳይ ካላቆምኩም ውሉን አፍርሰው በሕግ እንደሚጠይቁኝ በሚያምር ቋንቋ ገልጸዋል። ውሉን ስለማፍረሱ አይድከሙ፤ እኔ ቀድሜ አፍርሼዋለሁ፣ የማቋረጫውንም ደብዳቤ ለዚያችው ጨዋ ኃላፊ አስፈርሜ ሰጥቻታለሁ። ገበያውን ስለማበላሸቱ ግን፣ ለወላጆች ብሎ ኪሳራ የተሸከመ ሰው ወላጆች መቶ ብር ረክሶ ሲያገኙ ቀድሞ ደስ የሚለው እሱ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ከሆነ ያረሙኝ። በሕግ መጠየቁንም በደስታ እቀበላለሁ፤ ዳኛ ፊት ቆመን ያንን ሺህ ብር ከየት እንዳመጡት ሲያስረዱ ለመስማት ያለኝ ጉጉት ከፍተኛ ነው። እስከዚያው ከእያንዳንዱ ካፖርት ላይ የወሰዱብኝን ሁለት መቶ ብር እንዲመልሱልኝ፣ እንዳስለመዱኝም ማኅተም ባለው ደብዳቤ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ ከትርፍዎ ምንም ሳይጎድል የሚከስሩበት ዘመን እንዲረዝምልዎ፣ በሌላ ሰው ትከሻ የሚሸከሙትም ሸክም እንዳይከብድዎ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለኩፖኑ፣ ትከሻዬም ላይ ላረፈው እጅዎ ያለኝን ምስጋና ደግሜ በማቅረብ እሰናበታለሁ።

ሳትጠየቅ የለገሰችው፣ የቀድሞ አቅራቢዎ
የካፖርት ሰፊዋ

ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ትናንት አንዲት ደርባባ አሮጊት ለልጅ ልጃቸው ካፖርት ሊገዙ ጸጉር ቤቱ ድረስ መጥተው ነበር። ስንጫወት ልጃቸው የትልቁ መደብር ሥራ አስኪያጅ መሆኑን በኩራት ነገሩኝ። ታዲያ እዚያ አይገዙም ወይ ብላቸው፣ «አይ ልጄ፣ እሱ ራሱ እዚያ እንዳትገዢ ብሎኛል» አሉኝ። እናትዎ ዋጋ ቀንሺልኝ ስላሉኝ ሃያ ብር ቀነስኩላቸው። የቀነስኩት ከራሴ ድርሻ ነው፤ እንዲህም ይቻላል።