ወንዝ የማይሻገር መድኃኒት

ለወንድሜ ለከፋለ፣
ሐዋሳ።

እንዴት ከረምህ? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሣብህ የደረት ሕመም ተወህ ወይስ እንዳለ ነው? ባለቤትህ ጥሩአየሁ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እውነቱን ልንገርህ፣ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ነገሬ ብገባ ደስ ባለኝ፤ ግን ያሳደጉን ሰዎች ሰላም ሳይሉ ነገር መጀመር አላስተማሩንም። ስለዚህ ሰላም ብዬሃለሁ፣ ደግሜም ሰላም ብዬሃለሁ። እኔንም ከጠየቅኸኝ አለሁ። እርግጥ አልጠየቅኸኝም።

ስልኬን ማንሣት ካቆምህ ሁለት ሳምንት አለፈህ። በሰው ስልክ ስደውል ደግሞ ድምፄን ስትሰማ ትዘጋዋለህ። እትየ ብለህ ያደግህ ልጅ፣ እኔ አዝዬ ያሳደግሁህ! እንግዲህ ወረቀት አይዘጋም ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ደብዳቤውን የምታመጣልህ የልጄ የማስተዋል አስተማሪ ናት። የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ለእህቷ ሠርግ ፈቃድ አግኝታ ነገ ትሳፈራለች። በጾም ሠርግ አለ ወይ ብዬ ስገረም፣ እኛ ጴንጤዎች ነን ብላ ሳቀችብኝ። በእጅህ ልትሰጥህ ቃል ገብታልኛለች፤ እሷ ፊት እንኳ ቀድደህ አትጥለውም።

ነገሩ ይህ ነው፤ እማየ አንድ መርፌ ቀርቷታል፣ አምስተኛውና የመጨረሻው። መጋቢት ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቢቸና ሐኪም ቤት መገኘት አለባት። እሷ ግን ነገ ለአባየ አርባ ጠላ ልትጠምቅ ወደ ቤት ትመለሳለች፣ አንዴ ከገባሁ ሱሃ ወንዝን ዳግመኛ አልሻገርም ብላለች። እንዲህ ያለችው አንተ ስላልሃት ነው። አንተ ደግሞ እንዲህ ያልሃት የሆነውን ሁሉ ከወዲያ ከወዲህ ቆራርጠህ ስለሰማህ ነው እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ ብትጠላም አንብበው።

ታኅሣሥ ላይ በጠራራ ፀሐይ አንድ ቀበሮ ግቢያችን ገባ። ቀበሮ ሰው ሲያይ ይሸሻል፤ ይህኛው ግን እየተንገዳገደ በቀጥታ ወደ በጎቹ ሄደ። ኮስትር፣ ያ አንተ ከሞጣ በጋቢ ጠቅልለህ ያመጣኸው ውሻ፣ ዘሎ አነቀው። ቀበሮው አፍንጫውን ቢነክሰውም አልለቀቀውም፣ ገደለው። አባየ እንዴት እንደኮሩ! ከደብሩ የሚመለሰውን ሁሉ እያስቆሙ አወሩለት፣ ላንተም በስልክ አወሩልህ፣ አንተም ከዚያ ሆነህ “የኔ አንበሳ” አልህ። ቀበሮው በቀን ምን ሊሠራ መጣ፣ ለምንስ ሰው አልፈራም ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ጥር ሲገባ ኮስትር ሌላ ውሻ ሆነ። እህል ተወ፣ ድምፁ ጎረነነ፣ ለሃጩ ይዝረከረክ ጀመር፣ የአጥሩን እንጨት ሲነክስ ይውላል። እኔም አባየን፣ ይህ ውሻ አላማረኝም፣ ይታሰር ወይም ይገደል አልኋቸው። እሳቸው ግን ጅብ አስደንግጦት ነው፣ ይልቀዋል አሉኝ። ታሥሮ የሚውል ውሻ ያለበት ቤት ወንድ የሌለበት ይመስላል ብለውም ተቆጡኝ። ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

አባየ ስለ አውሬና ስለ ውሻ የማያውቁት ነገር እንዳልነበረ አንተ ታውቃለህ። አገሩ ሁሉ የሚጠይቃቸው እሳቸውን ነበር። ጅብ ከገጠመህ ጀርባህን አትስጠው፣ ጋቢህን ዘርጋ፣ ጩኽ፣ ቁመትህን አሳየው ይሉናል። ውሻ ከሆነ አትሩጥ፣ ዓይን ዓይኑን አትይ፣ ድንጋይ ባታገኝም ጎንበስ ብለህ ያነሣህ ምሰል፣ ከደረሰብህ ነጠላህን ክንድህ ላይ ጠቅልለህ እሱን አስነክሰው ይላሉ። ሁሉም ካልሆነ ደግሞ ቁጭ በልለት፤ ቁጭ ላለለት ሰው ውሻ ያፍራል። እኔም አንተም ስንት ጊዜ ቁጭ ብለን ድነናል!

ጥር ዘጠኝ ቀን ረፋድ ላይ ቢያዝን መጣ። ቢያዝን የየኔታ አካለ ወልድ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ጢሙ የወጣ ጎልማሳ። በየሳምንቱ በራችን ላይ ቆሞ “በእንተ ስማ ለማርያም” ይላል፣ እኛም ቁራሽ እንሰጠዋለን። እንደ ቆሎ ተማሪ ሁሉ እሱም የውሻ ዱላውን አይለይም፤ ጀርባውን ለአጥሩ ይሰጥና ዱላውን ዝቅ አድርጎ ጫፉን ለውሻው ያቀብለዋል፣ ውሻውም እሱን ሲያኝክ የቤቱ ሰው ይደርሳል። የዚያን ቀን ግን ኮስትር ዱላውን እንደያዘ ወዲያው ለቀቀና ባቱን ነከሰው። አባየ እየጮኹ ወጡ። በስሙ ቢጠሩት አልሰማም። መሐል ገቡና፣ ምን ይደረጋል፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩን እንደኖሩት ፊቱ ቁጭ አሉለት።

ያበደ ውሻ ግን አያፍርም። እጃቸውንና ጉንጫቸውን ዘነጠለው። እኔ በርበሬ እየወቀጥሁ ነበርና በያዝሁት ዘነዘና አናቱን አልሁት። አዎ፣ ውሻህን የገደልሁት እኔ ነኝ። ለእማየ በስልክ፣ ውሻዬን ማን ገደለው ብለህ ጠይቀሃል አሉ። አባየ ሞተው ስለ ውሻ የሚጠይቅ ልብ ከየት አመጣህ?

ከዚያ በኋላ ያጠፋነው ጥፋት ያንገበግበኛል። ቁስሉ ላይ አመድ ነሰነስንበት። ነርሷ ሲስተር ሰገነት ኋላ እንደነገረችኝ፣ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ ነበረብን፣ ከዚያም በዚያው ቀን መርፌውን። ሳሙናው ደጃፉ ላይ ነበር፣ የማስተዋልን ቀሚስ ጠዋት ያጠብሁበት ሳሙና።

ቢያዝን እያነከሰ ወደ ጉባኤው ተመለሰ። የኔታ ቁስሉን እንዳዩ፣ ጸሎቱን እኛ እናደርስልሃለን፣ አንተ መርፌህን ተወጋ ብለው በዚያው ቀን ሱሃን አሻግረው ቢቸና ሰደዱት። እኛ ቤት ግን ባለመድኃኒቱ ዘመነ ተጠራ። ሥሩን አጠጣቸውና ትእዛዙን ሰጠ፤ እስከ አርባ ቀን ወንዝ እንዳይሻገሩ፣ ከተሻገሩ መድኃኒቱ ይከሽፋል፣ በሽታውም ይነሣል። ሐኪም ቤቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ለመንኋቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፣ እምቢ አሉ። ያኔ ነው ላንተ የደወልሁት። አንድ ወንድ ልጃቸው ነህ፣ ካንተ ቃል አይወጡም ብዬ።

ምን እንዳልኸኝ ረስተኸው ከሆነ እኔ አልረሳሁትም። እትየ አታካብጂ አልኸኝ። የዘመነ አባት ስንቱን አድኗል አልኸኝ። ሽማግሌ ወንዝ አሻግረሽ አንድ ነገር ቢሆኑ ደማቸው በራስሽ ነው አልኸኝ። ስልኩ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ አባየ ሁሉንም ሰሙ፤ ሰማሽ ወይ አሉኝና ሳቁ። እኔም ፈራሁ። ደማቸው በራስሽ ነው ማለትህን ፈራሁ። ታላቅ ነኝ፣ ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ባሌን ቀብሬያለሁ፤ ግን ሐዋሳ ተቀምጠህ በተናገርኸው ቃል አፌ ተዘጋ። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል፤ ላንተ ደግሞ ገና አልሞከርሁም።

ቁስሉ ዳነ። ዘመነም ተመሰገነ። የካቲት ዐሥራ ሁለት ቀን ጠባሳው በላቸው፣ ማግስቱን ውኃ መዋጥ አቃታቸው። በር ተከፍቶ ንፋስ ሲነካቸው ይንዘፈዘፋሉ። ሁሉንም አልጽፍልህም፣ እኔ ያየሁትን አንተ እንድታየው አልፈልግም። በሦስተኛው ቀን እማየ ጠበል በከንፈራቸው ልታስነካ ስትል እጇን ነከሷት፣ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መሐል። ወዲያው ነቁ። ያደረጉትን አዩና እንደ ሕፃን አለቀሱ። “እሠሩኝ ልጆቼ፣ እንደ ውሻ እሠሩኝ” አሉ። ጎረቤታችን ባየና ሌሎችም በመጫኛ አሠሩልን። የካቲት ዐሥራ ስድስት ቀን አረፉ፤ ዘመነ የወሰነው አርባ ቀን ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው።

ለቀብሩ አልደረስህም፤ በዚያ አልፈርድብህም፣ መንገዱም ሩቅ ሥራህም የሰው ነው። በለቅሶው ላይ ቢያዝን እግሩን እየጎተተ መጣ። ሰው ሁሉ የአባየን ነፍስ እሱ እንደ ወሰዳት ያየው ነበር፣ እማየም ፊቷን አዞረችበት። እሱ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ የእናትሽን እጅ አይቻለሁ፣ እኔ አምስቱንም ተወግቼ ይኸው ቆሜያለሁ፣ እሳቸውን ዛሬ ነገ ሳትዪ አሻግሪያቸው አለኝ። በዚያው ሰሞን ዘመነ ለእማየም ሥሩን ይዞ መጥቶ ነበር፤ የአባየ መድኃኒት የከሸፈው አንድ ሰው ሳያያቸው ውኃ ስለረገጡ ነው እያለ፤ እሷም ጠጣችው።

የካቲት ሃያ አንድ ቀን እማየን ባየ በበቅሎው፣ ቢያዝን ከጎን ደግፎ፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሱሃን አሻገርናት። መሻገር አትበለው፣ ጠልፈን ወሰድናት። ውኃው መሐል ስንደርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና ረገመችኝ። “ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ” አለችኝ። ድፍን አርባ ሦስት ዓመት ከአፏ ክፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሲስተር ሰገነት ቁስሏን አይታ፣ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ብላ ጮኸችብኝ፣ ኋላ ደግሞ አቀፈችኝ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢቸና ዘመዳችን እትየ አምሳለች ቤት ተቀምጠን ዛሬ አራተኛዋን ተወጋች።

እዚህም አልተውኸንም። በአምሳለች ስልክ ለእማየ ደውለህ፣ እትየ ስንቄ በሐዘን አእምሮዋ ተነክቷል፣ ቤት ከገባሽ እንዳትሻገሪ፣ ዘመነ እንደገና ይሰጥሻል አልሃት። ከዚያ ወዲህ ከእጄ አትጎርስም። ምግቧን አምሳለች ካልሰጠቻት አትበላም። 

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ከዐሥራ ዘጠኝ በፊት ደውልላትና ተሻገሪ በላት። ይቅርታ ጠይቀኝ አልልህም፣ ተሳስቻለሁ በል አልልህም። ከፈለግህ እትየ ናት ያጠፋችው፣ ግን አንዴ ከተጀመረ መቋረጥ የለበትም ብሎ የሐዋሳ ሐኪም ነግሮኛል በላት። የራስህ ሐሳብ አስመስለው። እኔም እውነት ነው፣ ከፋለ ነው ያዘዘው ብዬ ሰው ሁሉ ፊት እምላለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐሰት እምላለሁ። ካንተ ቃል ከሰማች በእግሯ ትሻገራለች፣ ምርኩዟን ይዛ፣ እየመረቀችህ።

ካልደወልህ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ባየ በቅሎውን ጭኖ ይመጣል። ተነጋግረን ጨርሰናል። ብትጮኽም፣ ብትረግመኝም፣ ጎረቤት ቢወጣብኝም አሻግራታለሁ። ከእንግዲህ ቃልህን አልፈራም። ስለዚህ በሕይወት ትኖራለች፣ በዚህ አትሥጋ። ሃያ አምስት ቀን ለአባየ አርባ ስትመጣ በር ላይ ቆማ ትስምሃለች። አንተ እናት ይኖርሃል ወንድሜ። እኔ ግን አይኖረኝም።

ጥሩአየሁን በጉንጮቿ ሳምልኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ፣ በሰፈራችሁ የማያውቁት ውሻ ካዩም እንዳይጠጉት፣ ከነከሳቸውም ለማንም ሳትደውል ሐኪም ቤት ውሰዳቸው። ማስተዋል አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጠይቃለች፣ ሰላም ብላሃለች። እትየ አምሳለች፣ ባየና ቢያዝንም ሰላም ይሉሃል። እማየ እዚህ አጠገቤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝምና ሰላም ብላሃለች ብዬ አልዋሽህም።

እህትህ ስንቄ

ቢቸና፣ መጋቢት 5 ቀን 2015 ዓ.ም.