ገብስ ላይ የተሰቀለው ሲዲ

ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

የልጄን የሀብታሙን መርዶ የሰማሁት ነሐሴ ላይ፣ ከአረም ስመለስ ነው። ለትምህርት ቤታችን ያመጣቸው አሮጌ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ሳይገጠሙ ቀሩ። ርዕሰ መምህሩ «ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ይጣሉ» ይላሉ። እኔ ግን ልጄ ነግሮኛል፤ የራሳቸው ማስቀመጫ የላቸውም፣ ሁሉም የሚሠሩት ከአንዱ ትልቅ ኮምፒውተር እየተቀበሉ ነው።

ዛሬ አንዱን ይዤ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ጽፋ መመሪያውን አግኝታ አተመችልኝ። ትልቁ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር ግን እየተቋረጠ አልወርድ አላት።

«እማማ፣ ልጅዎ ይህ ያለበት ሲዲ አልነበረውም?» አለችኝ።

ነበረው፤ ቦርሳው ውስጥ። ከቀብሩ በኋላ ልብሱን ከነቦርሳው ለነፍሱ ብለን ለንስሐ አባታችን ሰጥተነዋል። ስመለስ በቀጥታ እሳቸው ቤት ሄድኩ።

«ወለተ ማርያም፣ የሰጠሽኝን ልትወስጂ መጣሽ?» አሉኝ እየሳቁ።

«ልብሱን አይደለም አባ፤ የሚያብለጨልጩትን ክብ ነገሮች ነው።»

«እነሱንማ ወፍ እንዲያባርሩልኝ ገብሱ ላይ ሰቀልኳቸው። ደግሞ ከጠባቂ ይሻላሉ።»

አብረን ወርደን ፈታናቸው። ሁለቱ ተፍቀዋል። ሦስተኛው ደህና ነው፤ የሀብታሙ እጅ ጽሑፍም አለበት። በነጠላዬ ጠቅልዬ አመጣሁት። ነገ ተመልሼ ደብረ ማርቆስ እወርዳለሁ። መመሪያው አለኝ፤ ይሠራሉ ብዬ አምናለሁ።

ይህን ደብተር የሚያነብ ቢኖር፣ የልጄ የክርስትና ስም ኃይለ ሚካኤል ነው። በጸሎታችሁ አስቡልኝ።