ያልተገጠመችው ሳጥን

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ማቀፊያውን ጎማ ለሦስተኛ ጊዜ ቆረጥኩት። ሃርድ ዲስኩ አሁን ልክ ገባ። ቢያናውጡትም አይነቃነቅም። የጀሞ መንገድ ደግሞ ማናወጥ ያውቅበታል።

ደብተሬ፣ ስለዚህ ሥራ አልነገርኩሽም። ጋሽ ማርቆስ የሰርቪስ ሹፌር ናቸው፤ ከጀሞ ሠራተኛ ያመላልሳሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በወጣትነታቸው የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መሪ ነበሩ። አሁን ጉሮሯቸውን ታመዋል፣ ቀዶ ጥገና ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በኋላ መዘመር ቀርቶ መናገራቸውም እንጃ። ጋሽ ማርቆስ ሁለት ካርቶን ካሴት ተሸክመው የመኪና ቴፕ ወደምንገጥምበት ሱቃችን መጡ። ሁሉንም ገልብጬ ሃርድ ዲስክ ላይ ጫንኩላቸው። ፍላሽ አይበቃም ወይ ተባሉ። ድምጿ እንዳይጨመቅ ነው የምፈልገው፣ እንዳለ ይሁንልኝ፣ አሉ። ወደድኳቸው።

ግን መኪና ውስጥ ሃርድ ዲስክ አስቸጋሪ ነው። ሞተር ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ ድርግም ይላል፤ ዲስኩ እየዞረ ይቋረጥበታል። ጥቂት ቀን ይችለዋል፣ ከዚያ ይሞታል። ስለዚህ ማዘግያ ሠራሁ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን ናት። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለሃያ ሰከንድ ኤሌክትሪኩን ትይዛለች፤ ዲስኩ ተረጋግቶ ይተኛል። ላይዋ ላይ ስሜን ጻፍኩባት። የአምስት ዓመት የምህንድስና ትምህርቴ እነሆ አንዴ ጠቀመኝ።

ነገ ገጠማ። በገዛ እጄ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡00

በእጄ አይደለም።

ጠዋት ባለ ሱቁ፣ ጋሽ ሰይፉ፣ መርካቶ ሄደሽ ሽቦ አምጪ አሉኝ። ዛሬ? አልኩ። ዛሬ። ስመለስ መኪናው ሄዷል። ናሆም ገጥሞታል። ናሆም የእህታቸው ልጅ ነው፣ እኩያዬ። ኮሌጅ ጀምሮ የተወ። ዲስኩን ከነጎማዬ ዳሽቦርዱ ውስጥ አስገብቶ ቪዲዮ ተቀርጿል። "እንዳይናወጥ ብዬ አስቤ ነው" ይላል ለካሜራው። አስቤ! ማን ነው ያሰበው?

ጋሽ ሰ. ለአንድ ደንበኛ ሲያወሩ ሰማሁ። ሴት ልጅ ዳሽቦርድ ስትፈታ ያየ ሰው መኪናውን ይዞ ይሸሻል አሉ። ተሳሳቁ።

ቅናት ነው? አዎ፣ ቅናት ነው። አንቺን አልዋሽም።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

ና. በአንድ እጁ ሳምቡሳ፣ በሌላው ስልክ። ቪዲዮውን ምን ያህል ሰው እንደወደደው ያነብልኛል።

"ፍሬዬ፣ ኩርፊያው ይብቃና ምሳ ልጋብዝሽ።"

"በቆረጥኩት ጎማ ነው የምትጋብዘኝ?"

ሳቀ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ሁሉ ነገር ቤቱ ድረስ የሚመጣለት ሰው፣ ሌላው ደጅ ሲጠና አይታየውም።

ከቀኑ 9፡00። መቁረጫ ስፈልግ መሳቢያ ከፈትኩ። ሳጥኗ! ስሜ እንዳለባት፣ ከነሽቦዋ። አልገጠማትም። ትርፍ ዕቃ መስላዋለች። ዲስኩን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር በቀጥታ አስሮታል።

ልነግረው አፌን ስከፍት ጋሽ ሰ. ገቡ። ጀሞ ላይ አዲሱ ሱቅ ሲከፈት ዋናው ገጣሚ ናሆም ነው አሉ። እኔስ? እዚሁ። ካሴት ግልበጣና ዕቃ ማምጣት።

አፌን ዘጋሁ። መሳቢያውንም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አሰብኩበት። የካሴቶቹ ቅጂ ላፕቶፔ ላይ አለ። ዲስኩ ቢሞት የሚጠፋ ነገር የለም፣ ከና. ስም በቀር። ይሙታ! ጋሽ ማርቆስ ተቆጥተው ይመጣሉ። ና. ይንተባተባል። እኔ ሳጥኗን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። የምለውን ሁሉ ተለማምጄዋለሁ። መካኒሳ ታክሲ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ ስለማመድ ኖሯል፤ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ "እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጋሽ ማርቆስ በሱቁ በኩል አለፉ። መስኮት ዝቅ፣ መዝሙሩ ከፍ። የእትዬ ዘነበች ድምፅ አስፋልቱን ሞላው። ለና. ሙዝ አምጥተውለታል፣ አንድ ትልቅ ዘለላ። "ወንድሜ፣ ተባረክ!" እኔን ደህና ነሽ ልጄ፣ ብቻ።

ና. አንድ ሙዝ ሰጠኝ። አልበላሁም። (በላሁት። ጣፋጭ ነበር። የባሰ ተናደድኩ።)

ሞተር ሲያጠፉ ጆሮዬን አቆምኩ። ድርግም። አንድ ሰከንድ እንኳ አልቆየም። ጋሽ ማርቆስ አጠገቤ ቆመው ነበር። እጄን ብዘረጋ ትከሻቸውን እነካለሁ። ዝም አልኩ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡00

ሞተ። ጠዋት ጋሽ ማርቆስ መጡ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ አያነብም። የጠበቅኩት ቀን፣ ሳጥኗም ኪሴ ውስጥ።

ግን አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ቅጂ አለኝ፣ ካሴቶቹ አልጠፉም አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ካሴቱማ ቤቴም አለ፣ ልጄ።"

ከዚያ ነገሩን። ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ተደርጓል። እሑድ ዕለት እትዬ ዘነበች አራት ልጆቻቸውን ሰብስበው እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ፣ በዜማ መርቀዋል። ጋሽ ማርቆስ በስልካቸው ቀዱት፤ በመኪናቸው እንዲሰሙት ጎረቤት ዲስኩ ላይ ገለበጠላቸው። ስልኩ ማክሰኞ ሆስፒታል በር ላይ ተሰረቀ። እትዬ ዘነበች አሁን የሚናገሩት ወረቀት ላይ እየጻፉ ነው። ድምፁ አይመለስም ተብሏል።

እኔ ይህን አላሰብኩም። ዲስክ ላይ ሰው ሊጨምርበት እንደሚችል! ምህንድስና የተማርኩት እኔ።

የና. ፊት አመድ መሰለ። ሰበብ አልፈለገም። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም እንጂ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አላቸው። በዚህም ቀናሁበት፣ ደብተሬ። ከሁሉ ይልቅ በዚህ።

ዲስኩን ስጡኝ አልኩ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሥራ አልገባሁም። ጎፋ፣ ቤቴ። ዲስኩ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቷል። ትንሽ ያነባል፣ ይቆማል። ሲግል አወጣዋለሁ፣ ሲበርድ እመልሰዋለሁ።

6፡30። ምሳ የለም። አንድ ፋይል ታየኝ። ቀኑ የእሑድ። ጠፋ።

10፡15። ወጣ! ከፈትኩት። የሕፃን ሳቅ፣ የወንበር መንኳኳት፣ ከዚያ እሳቸው። ድምፃቸው ተሰንጥቋል፣ ግን ዜማው አልሳተም። የመጀመሪያው ልጅ ተመረቀ። ሁለተኛው። ሦስተኛዋ። ከዚያ፣ "አንቺ የመጨረሻዬ፣ የ—"

እዚያ ላይ ያልቃል። ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። የትንሿን ልጅ ስም እንኳ አላውቅም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ና. ደወለ። ተገኘ ወይ? አብዛኛው ተገኘ አልኩት። እልል አለ፣ እንደ ሴት። ልደውልላቸውና ላብሥራቸው አለ። አይሆንም፣ እኔ ራሴ ጀሞ ቤታቸው እሄዳለሁ። አብሬሽ ልምጣ አለ። አይ። ስለ ሳጥኗም ነገርኩት፣ መሳቢያ ውስጥ ሳያት ዝም ማለቴን ጭምር። ከዚያ "ለምን፣ ፍሬ?" አለ፣ ቀስ ብሎ። ስለቀናሁብህ አልኩት። ስልኩን አልዘጋብኝም። ቢዘጋብኝ ይሻል ነበር።

ሳጥኗን የሠራሁ እኔ ነኝ። ያንን አልተውም፤ ሰኞ ጋሽ ሰይፉ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፣ የጀሞው ቦታ የኔ ነው እላለሁ፣ ካልሆነም ወጥቼ ለራሴ እሠራለሁ። ግን እሱ የሰኞ ነው።

ዛሬ ምርቃቱን የገለበጥኩበት ፍላሽ በቀኝ ኪሴ፣ ሳጥኗ በግራ። መጀመሪያ የማወጣው የግራውን ነው። ያተረፍኩትን ሳልሰጥ ያጠፋሁትን እናገራለሁ። ምርቃቷ የተቆረጠባት ትንሿም ትስማ። አንዴ ተባረኪ ካሉኝ በኋላ አፌ እንደማይከፈት አውቀዋለሁ።