ሳይወጣ የቀረው ቱቦ

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ። ጠዋት የገባ ጨርቅ፦ ሠላሳ ስምንት ጥቅል። ደህና ሠላሳ አምስት፣ ቀለሙ የለቀቀ ሦስት።

ውድ እህቴ፣

ደብተሬ ላይ ልጽፍ የነበረውን ትቼ ለአንቺ እጽፋለሁ። ገጹን ቀድጄ ዛሬ ወደ እናንተ ለሚመጣው ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ስልክማ ትዘጊብኛለሽ።

የሐሞት መተላለፊያሽ እንደ ከረጢት አብጦ፣ በአፍሽ ካሜራ አስገብተው ስቴንት የሚሏትን ቀጭን ቱቦ ያስቀመጡልሽ ቀን ሐኪሙ ምን አለ? «ይህች ቱቦ ሐሞቱን ለጊዜው ታሳልፋለች እንጂ መዳኛ አይደለችም። በሦስት ወር መውጣት አለባት፤ ከረጢቱ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።» እኔስ ኮሪደሩ ላይ ምን አልኩሽ? «ብልጥ ነው፤ ደንበኛ እንዲመላለስለት ነው።» ሳቅሽ። እኔም ሳቅኩ።

ይኸው አምስተኛ ወሩ። «ወጣልኝ» ብለሽኛል። ግን የምትልኪልኝ ፎቶ ሁሉ ቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ ነው። እኔ ጨርቅ ስገዛ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ የማየው ለምን ይመስልሻል? ባልሽን ጠየቅኩት። «ክንዷን ስታክ ትውላለች፤ ሳሙናው ነው ትላለች» አለኝ። ሳሙናው! ሐሞት ሲታገድም እኮ ገላ ያሳክካል፣ ዓይንም ቢጫ ይሆናል።

ትናንት ደወልኩልሽ።

«ማነው ያወጣልሽ?»

«ያው ሐኪሙ ነዋ፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ወር አልኩህ እኮ!»

«ባለፈው ወርማ እረፍት ላይ ነበር። እሱ ጋ የምትሠራዋን ነርስ ደውዬ ጠይቄያለሁ።»

 ከዚያ «አንተ ወንድም ነህ ወይስ መርማሪ?» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው።

ሐኪሙንም ቢሆን አላመንኩትም ነበር። እኔ ጋ የቀረውን የምርመራሽን ቅጂ ይዤ ዛሬ ጠዋት እዚህ እኛ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ሄድኩ፤ እሱ ያለውን ሳልናገር ሌላ ሐኪም ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ቃል በቃል ያንኑ አለችኝ። ጨመረችበትም፦ «ስቴንቱ ከቆየ ይደፈናል። ትኩሳት ሳይጀምራት አስመጣት፤ ከጀመራት ለሕይወቷ ያሰጋል።»

ሰው ሁሉ እንደ እኔ የሚነግድ መስሎኝ ቀለድኩ። አንቺ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ስለምትፈሪ ቀልዴን ይዘሽ ቀረሽ። ሐኪሙ ትክክል ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ብዬ ለማንም ጽፌ አላውቅም።

«በራሴ እሄዳለሁ» ብትዪ ግን አላምንሽም።

ወንድምሽ

ነገ፦ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ሦስት ሰዓት ላይ በርሽ ላይ ነኝ። ነርሷ ለአራት ሰዓት ተኩል መዝግባሻለች። ማታ ካተኮሰሽ እኔን አትጠብቂ፤ ባልሽ ድንገተኛ ክፍል ያድርስሽ። ካርድሽን ያዢ። ቁርስ እንዳትቀምሺ።