ሃና የጠጣችው ውሃ

ገዳሪፍ፣ ሱዳን፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስንሻው፣ ፋው

እንደምን ሰነበትህ፣ ዓለሜ? ሥራው እንዴት ይዞሃል? ሚስትህ ሃና አሁን ድናለች፣ በሆዷ ያለውም ይራገጣል። መታመሟን በስልክ ነግሬሃለሁ፤ ከምን እንደመጣባት ግን አልነገርኩህም። እሷ ለክትትል ስትወጣ ጠብቄ ነው የምጽፍልህ።

ውሃ በአህያ በሚጎተት ካሮ የሚያመጣልንን ሓድጉን ታውቀዋለህ፣ ያን ከስደተኞች ካምፕ የመጣውን ዝምተኛ። ክረምቱ ሲገባ ውሃው ይደፈርስ ጀመር። እሱም በርሜላችን ውስጥ ክሎሪን ይጨምራል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

"ምንድን ነው የምታደርግበት?" ስለው፣

"ለኮሌራ ነው እማማ፤ እንድጨምር ታዝዤ ነው" ይለኛል።

አላመንኩትም። ጎረቤታችን ፅናት ደግሞ ክሎሪን ከድፍርስ ውሃ ጋር ሲገናኝ ሌላ መርዝ ይሆናል፣ ፅንስም ያስወርዳል ሲባል ሰምቻለሁ አለችኝ። ሃናን ሁለት ጊዜ ያስወረዳት ትዝ አለኝ።

ለማንም ሳልናገር የሷን ጀሪካን ዝናብ ከተጠራቀመበት ኩሬ፣ ከሀፊሩ እየቀዳሁ ሞላሁላት። ሽታ ስለሌለው ደስ ብሏት ጠጣች። በአራተኛው ቀን ተቅማጥና ትውከት ጣላት። ክሊኒክ አስገብቻት በግሉኮስ ነው የተረፈችው።

የክሊኒኩን ነርስ ረሒማን ለብቻዋ ጠየቅኋት። "የሰሙት ሁሉ ውሸት አይደለም፣ ኻልቲ" አለችኝ። "ክሎሪን ከቆሻሻው ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነገር አለ። ብዙ ዓመት ከተጠጣ ይጎዳል ይላሉ፤ ለነፍሰ ጡርም የሚጠረጥሩት አሉ፣ ግን አልተረጋገጠም። ኮሌራ ግን በአንድ ቀን ይገድላል። መጀመሪያ ውሃውን ያጥልሉት፣ በጨርቅ ያጣሩት፣ ከዚያ ክሎሪኑን በልኩ ይጨምሩ።"

እንዳለችኝ አደርጋለሁ። ልቤ ግን አሁንም ያን ሽታ አያምነውም።

ሃና ከክሊኒክ እንደወጣች ሓድጉን በራፍ ላይ፣ "በውሃህ ልትገድለኝ ነበር፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ" አለችው። እሱ ወደኔ ተመለከተ። ዝም አልኩ። ጎረቤቱም ከሱ መቅዳት ተወ።

ትናንት ገበያ ላይ አግኝቼው እውነቱን ነገርኩት። እሱም፣ "ለኔ ሳይሆን ለሷ ይንገሯት፣ እማማ" ብሎኝ አህያውን ነድቶ ሄደ።

አልነገርኳትም። ቅዳሜ ና ልጄ፤ አንተ ካለህ አፌን እከፍታለሁ። ሃና አሁን የማንንም ውሃ አትነካም። "እማዬ ካልቀዳችልኝ አልጠጣም" ትላለች።

ኪዳነ ምሕረት በሰላም ታምጣህ፣ ለልጅህም ዓይን ታብቃህ።

እናትህ አሰጋሽ