የዘጠኝ ሰዓት ምሳ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ስኳሩን ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ትርንጎ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን የካውያ ክፍል ሠራተኛ ናት። ስምንት ሰዓት አካባቢ የተማሪ ሱሪ እየተኮሰች ተዝለፍልፋ ወደቀች። እግዜር ሲያተርፋት ካውያው ላይ ሳይሆን ወደ ኋላዋ ወደቀች። ሁለት ሆነው ተሸክመው ወደ ክሊኒክ አመጡልኝ። ክሊኒክ ስል አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥንና እኔ ማለቴ ነው።

አስተኛኋት፣ እግሯን ከፍ አደረግሁ፣ የአንገቷን ቁልፍ ፈታሁ። እስከዚህ ልክ ነኝ። ከዚያ ፊቷ አመድ ሲመስልብኝ ደነገጥኩና ስኳር በጥብጬ በማንኪያ አፏ ውስጥ ጨመርኩ። በደንብ ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ ምንም እንደማይጨመር የተማርኩት ገና በነርስነት ትምህርቴ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ትን ቢላትስ ኖሮ? ደግነቱ ዋጠችው።

ስትነቃ ከንፈሯን ላሰች። ጣፋጩ ሲገባት ብድግ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። "ፍልሰታዬን አስገደፍሽኝ" አለችኝ። ሻሿን አስራ ወጣች። እኔም እኮ ጿሚ ነኝ። ልዩነቱ እኔ ተቀምጬ ነው የምውለው፣ እሷ እንፋሎት ላይ ቆማ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

የመጣ ሰው የለም። ሳጥኑን አጸዳሁ። ያለን፦ ፋሻ ብዙ፣ ጥጥ ብዙ፣ የቃጠሎ ቅባት ግማሽ፣ ጓንት፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ደነዝ መቀስ። የሌለን፦ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ የሚዘጋ መስኮት። በዚህ ክረምት አልጋው ላይ የሚተኛ ሰው ባይታመም እንኳ ብርዱ ያሳምመዋል።

የምርት ኃላፊያችን አቶ ደሳለኝ በበሩ ብቅ አሉ። "ዛሬ ማንም የለም? ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!" አሉኝ። መስከረም ሳይጠባ የሚያስረክቡት የተማሪ ዩኒፎርም አለባቸው፤ ሰሞኑን ሌላ ወሬ የላቸውም። ጎሽ ስለተባልኩ ትንሽ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

አሁንም ማንም አልመጣም። በፊት መርፌ የወጋት፣ ራሷን ያመማት፣ ወሬ ያማራት አትጠፋም ነበር። በካውያ ክፍል ሳልፍ ጨዋታው ቆመ። ትርንጎ ቀና ብላም አላየችኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሄድኩ። የምሳ ደወል ተደውሏል፣ አዳራሹ ግን ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው። የሚበሉት የማይጾሙትና ሙስሊሞቹ ናቸው። የቀሩት ሴቶች የወጡ ሽታ እንዳይደርስባቸው ውጪ ከቆርቆሮው ሥር ተደርድረው ዝናቡን ያያሉ። እነዚህ ታዲያ መቼ ነው የሚበሉት ብዬ ወጥ ሠሪያችንን እትዬ የሻረግን ጠየቅኋቸው። "ዘጠኝ ሰዓትማ ሥራ ላይ ናቸው፤ ማን ይለቃቸዋል ልጄ? ማታ ቤታቸው ሲገቡ ነዋ!" አሉኝ።

ጾሙ እስከ ዘጠኝ ነው፤ ፋብሪካው ነው እስከ ማታ ያደረገው። ይህን እስከ ዛሬ አለማሰቤ አናደደኝ። እኔ ዘጠኝ ሲሆን በሬን ገርበብ አድርጌ የቋጠርኩትን እበላለሁ፤ ተቆጣጣሪ የለብኝ።

እትዬ የሻረግም ጿሚ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ምስር ሲያማስሉ ይውሉና በጣታቸው እንኳ አይቀምሱም። ጨው የምትቀምስላቸው ከማሸጊያ ክፍል ሰዓዳ ናት፤ ረፋድ ላይ ሮጣ መጥታ ትቀምስና "ጨምሩበት" ወይም "በቃው" ብላ ትመለሳለች። ሰዓዳ የቀረች ቀን ወጡን የበላ ሁሉ ሲያማርር ይውላል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ዛሬ አገኘኋቸው። ለመጋረጃ የሚሆን ቁራጭ ጨርቅ ልለምን ወደ መጋዘን ገባሁ። ከጥቅል ጨርቆቹ ጀርባ አንዲት ልጅ ተጋድማለች። ሁለቱ በካርቶን ያራግቡላታል፤ ትርንጎ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። ሲያዩኝ ደርቀው ቀሩ። ትርንጎ ተነሥታ በእኔና በልጅቷ መካከል ቆመች። "ደህና ናት፣ ሂጂ ሲስተር" አለችኝ። የምታየው ፊቴን አይደለም፣ እጄን ነው። ለካ ኩባያ ይዤ እንደሆነ እያየች ነው።

አልሄድኩም። ልጅቷ እስክትነሣ በሩ ላይ ቆምኩ። አንደኛዋ ስትወጣ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ ዓይኗ የጨለመባት ሁሉ የምትወሰደው እዚህ ነው። ሲስተር ጋ ከሄድሽ ስኳር ትግትሻለች ተባብለዋል።

እኔ ደግሞ በባዶ ክሊኒክ ጎሽ ተብዬ ደስ ብሎኛል! አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ፈራሁ። መጋዘኑ ጨለማ ነው፤ ወድቃ ጭንቅላቷን የመታች ብትኖር ማን ያያታል? ደግሞ ሰኞ ወደ ኋላዋ የወደቀች ነገ በግንባሯ ካውያው ላይ ብትደፋስ? ለዚያ ያለኝ ግማሽ ቱቦ ቅባት ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

አቶ ደሳለኝ ቢሮ ገባሁ። ለጿሚዎቹ የምሳ ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ይዛወር አልኳቸው። "እኛ ልብስ ሰፊዎች ነን፣ የጾም ጉዳይ አይመለከተንም። የማይጾመውስ? ዩኒፎርሙ ካልደረሰ ከወላጅ ጋር የምትፋጠጪው አንቺ ነሽ?" አሉኝ። የመጋዘኑን ነገር ነገርኳቸው። እነማን እንደነበሩ ሲጠይቁኝ ስም አልጠራም አልኩ። ተቆጡ።

ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ "እርስዎስ ስንት ሰዓት ነው እህል የሚቀምሱት?" አልኳቸው። "ዘጠኝ ሰዓት ነዋ፣ ቤቴ" አሉ። ሹፌሩ በየቀኑ ወስዶ ሲመልሳቸው ሁላችንም እናያለን። መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር።

ቶሎ ብዬ ቀጠልኩ። ግማሹ በስድስት፣ ግማሹ በዘጠኝ ይብላ፤ እንዲያ ከሆነ ሥራው በሙሉ አንድ ላይ አይቆምም፣ ካውያውም ቀኑን ሙሉ ሰው አያጣም። ይቺን ወደዷት። ፍልሰታ እስኪፈታ ይሞከር አሉ። "ምርቱ ከቀነሰ ግን የምጠይቀው አንቺን ነው።"

እትዬ የሻረግ ሁለት ጊዜ ማቅረብ ይከብደኛል ይሉኛል ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። "እኔስ አፍ የለኝም እንዴ? ከልጆቼ ጋር ልቀምስ ነዋ!" ብለው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። የቀረው አንድ ሰው ነው፣ ትርንጎ። እሷ ካላመነችኝ ሌሎቹም አይመጡም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ግማሽ ቀን ሠራን። ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ስለማይጾም ሰው ሁሉ ፊቱ ፈታ ብሏል። ትርንጎን ስትወጣ ጠበቅኋት። ገሳይ ከተማ ወላጆቿ ጋ ልትሄድ ስለነበር እስከ መናኸሪያ አብሬያት ሄድኩ። መንገድ ላይ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ሳልጠይቅሽ ማድረግ አልነበረብኝም፤ ለጤናሽም ጥሩ አልነበረም አልኳት።

እሷም የራሷን ነገረችኝ። ሪያድ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እሷ ስትጾም አሠሪዋ ከሳችብኝ፣ ልትታመምብኝ ነው እያለች ፊቷ ተቀምጣ በግድ ታበላታለች። "ክፋት አልነበረባትም እኮ፤ እንደ አንቺው አዝናልኝ ነው" አለችኝ። ያኔ ነው የተሳለችው፤ ድንግል አገሬ ካስገባሽኝ ፍልሰታሽን አላጎድልም ብላ። "ያንን ማንኪያ አፌ ውስጥ ሳገኘው እዚያው ያለሁ መሰለኝ።"

መናኸሪያው መሃል አለቀስኩ። እሷ ደግሞ "ኧረ በቃሽ! ሰው የሞተብን ይመስላቸዋል" ብላ ሳቀችብኝ።

ሳልጠይቅሽ አፍሽ ውስጥ ምንም አላስገባም ብዬ ቃል ገባሁላት። ግን ራስሽን ስተሽ አልነቃ ካልሽ ሆስፒታል እወስድሻለሁ፤ እዚያ ለሚያደርጉልሽ ዋስ አልሆንም አልኳት። አሰበችበትና "ይሁን" አለች። ለሌሎቹም ንገሪልኝ ስላት መልስ ሳትሰጠኝ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ጋዋኔን አጠብኩ፤ በዚህ ዝናብ መቼ ሊደርቅ። ምርቱ ቢቀንስስ እያልኩ ዋልኩ። ማንም ባይመጣስ?

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ስድስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ በሉ። ትንሽ ግርግር ነበር፤ አንዳንዶቹ ተራቸውን ስተው ገብተው እትዬ የሻረግ በጭልፋ እያመለከቱ መለሷቸው። ጿሚዎቹ ሥራቸው ላይ ቀሩ።

ስምንት ሰዓት አለፍ እንዳለ በሬ ተንኳኳ። በሸክም የመጣ ሰው አያንኳኳም፤ ወሬ ፈላጊ መስሎኝ ነበር። ትርንጎ ናት፣ በእግሯ ቆማ። "ሲስተር፣ ዓይኔ ጭልም ሊልብኝ ነው፤ ሳልወድቅ ልምጣ ብዬ ነው" አለችኝ። አስተኛኋት፣ እግሯን ከፍ አደረግሁ፣ ካፖርቴን አለበስኳት። ወደ ሳጥኑ ዘወር ስል በዓይኗ ተከተለችኝ። የደም ግፊት መለኪያውን አሳየኋትና "ልለካሽ?" አልኳት። ክንዷን ሰጠችኝ።

ወዲያው ደግሞ ተንኳኳ። ያቺ መጋዘን ውስጥ ተጋድማ የነበረችው ልጅ። ያለኝ አንድ አልጋ ነው። ምን ላድርግ ብዬ ስዞር ትርንጎ ወደ ግድግዳው ጥግ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ሁለቱም በአንድ ካፖርት ሥር ተኙ። ወንበሬን ከእግራቸው በታች አስገብቼላቸው እኔ ቆምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ደወሉ ሲደወል ቀስ ብለው ተነሥተው፣ ተደጋግፈው ወደ ምሳቸው ሄዱ።

ማምሻውን አቶ ደሳለኝ መጡ። ዛሬ ስንት ሰው መጣ አሉኝ። ሁለት አልኳቸው። "ምነው? ሰዓቱን ቀይረንላቸው ጭራሽ ባሰ?" አሉ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የገባቸው አይመስለኝም። ስለ ምርቱም ምንም አልነገሩኝም፤ ፊታቸውን ለማንበብ ብሞክርም አልተሳካልኝም።

ነገ ቡሄ ነው፣ አንሠራም። ከነገ ወዲያ ሁለተኛ አልጋ እጠይቃለሁ። ይከለክሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ በገዛ እግራቸው የመጡ ሁለት ታማሚዎች ነበሩኝ፤ እዚህ ከተቀጠርኩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።